አዛውንቱ ተማሪ

የዕለቱ ንባብ፦ የሐዋርያት ሥራ 18፥1-3 እና 24-28



ባለፈው እሁድ ራኩባው ሥር ሳነብ ቃል ተሳሳትኩ። አንዲት ትንሽ ልጅ በሰው ሁሉ ፊት አረመችኝ። እውነቱን ልናገርና ከበደኝ። ወንጌላዊ ሆኜ ልጅ ታርመኝ? ማታ ግን አባ ገብረ ሚካኤል ትዝ አሉኝና በራሴ አፈርኩ።

አባ ገብረ ሚካኤል በፈረንጅ አቆጣጠር 1791 ጎጃም ውስጥ ተወለዱ። በልጅነታቸው የአንድ ዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። እሳቸው ግን ትምህርት አልተዉም። መርጡለ ማርያም ገዳም ገብተው መነኮሱ፤ መጽሐፍ ፍለጋ ከገዳም ገዳም ዞሩ፤ የታወቁ ሊቅ ሆኑ።

በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብጽ ከሄዱት መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። አብረዋቸው የተጓዙት ጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ ናቸው፤ ያገራችን ሰው አባ ያዕቆብ ይላቸው ነበር። መንገዱ እስከ ሮምና ኢየሩሳሌም አደረሳቸው። በ1844 አባ ገብረ ሚካኤል የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አባ ያዕቆብ በዕድሜ ዘጠኝ ዓመት ያንሳሉ። ያ ሁሉ የተማሩ ሊቅ ከታናሻቸው እግር ሥር ቁጭ ብለው ተማሩ። ታናሹም በተራቸው ያገሩን ትምህርት ከሊቁ ተቀበሉ። ለተማሪዎች የሚሆን መጽሐፍ አብረው አዘጋጁ። አጋሜ ውስጥ ጓላ በሚባል ቦታ ወጣቶች የሚማሩበት ቤት ተከፈተ፤ አዛውንቱም ልጆቹን አስተማሩ። ቅስና የተቀበሉት በ1851፣ ስልሳ ዓመት ሲሆናቸው ነው።

በ1854 ስለ እምነታቸው ጎንደር ላይ ተያዙ፤ ተገረፉ። ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። እንደታሰሩ ከጦሩ ጋር ሲጓዙ ታመው ነሐሴ 1855 መንገድ ላይ ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1926 ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው።

ሁላችንም ካቶሊክ አይደለንም። ትምህርቱ ግን ለሁላችን ነው። በንባባችን አጵሎስ መጽሐፍ አዋቂ፣ አንደበተ ርቱዕ ነበር። ያስተካከሉት ግን ድንኳን ሰፊዎቹ አቂላና ጵርስቅላ ናቸው። እነሱም እንደኛ ከኖሩበት ከሮም እንዲወጡ የታዘዙ ሰዎች ነበሩ። አጵሎስ እንቢ ቢል ኖሮ የጎደለው ሳይሞላ ይቀር ነበር።

እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ ፊደል አላውቅም ብላችሁ ከልጆች ጋር መቀመጥ አትፈሩ። ልጁ በእንጨት አፈር ላይ ሀ ሁን ይጻፍላችሁ። እናንተም በቃላችሁ የያዛችሁትን ጸሎትና ዳዊት አስይዙት። ልጆች ሆይ፣ ትልቅ ሰው ሲሳሳት አትሳቁ፤ በፍቅር አግዙት።

እኔም ልጅቷን አመስግኛታለሁ። በሚመጣው እሁድ ንባቡን እሷ ታነባለች፤ እኔ ከሕፃናቱ ጋር ምንጣፉ ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

ጌታ የሚማር ልብ ይስጠን። አሜን።