ዐፄ ሱስንዮስና በእናርያ በኩል ያለፈው መልእክት

ከጅማ ወደ ሊሙ የሚጓዝ ካቴኪስት ዛሬ በቡና ጥላ ሥር የሚያልፍበት አገር በቀድሞ ዘመን እናርያ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1613 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ወደ ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 5ኛ የተጻፈ ደብዳቤ ያለፈው በዚሁ አገር ነው። ላኪው ዐፄ ሱስንዮስ ነበሩ። (ዘመኑን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።)

ዐፄ ሱስንዮስ ከዐፄ ልብነ ድንግል ዘር ይወለዳሉ። በልጅነታቸው በኦሮሞ ጦረኞች ተማርከው በመካከላቸው ስለ ኖሩ ቋንቋቸውንና የውጊያ ስልታቸውን ተምረዋል፤ ኋላም ለዙፋን ሲታገሉ ይህ ወዳጅነት ብዙ ረድቷቸዋል። በ1607 በጎል ጦርነት ዐፄ ያዕቆብን ድል አድርገው መንግሥቱን አጸኑ። ከሦስት ዓመት በፊት ዐፄ ዘድንግል ወደ ካቶሊክ እምነት ስላዘነበሉ ዐመፅ ተነሥቶባቸው መገደላቸውን ያውቁ ነበርና፣ ከሮም ጋር ለመታረቅ ያሰቡትን በመጀመሪያ በስውር ያዙት። ምክንያታቸው ሃይማኖት ብቻ ነበር ማለት አይቻልም፤ የፖርቱጋልን ወታደር ይሹ ነበር። ሆኖም የኢየሱሳዊው የአባ ፔድሮ ፓኤዝ ትምህርትና ትሕትና ልባቸውን እንደ ማረከው አይካድም።

ምጽዋ በቱርኮች እጅ ስለ ነበረች ደብዳቤው በደቡብ በኩል ወደ ማሊንዲ ወደብ እንዲደርስ ተወሰነ። ተሸካሚዎቹም አባ አንቶንዮ ፈርናንዴዝና የንጉሡ መልእክተኛ ፍቁር እግዚእ ነበሩ። ከጎጃም ተነሥተው እናርያ ሲደርሱ የአገሩ ገዥ መንገዳቸውን ወደ ምሥራቅ አስለወጧቸው። ዛሬ በድልድይ በደቂቃ የምንሻገረውን ግቤን እነርሱ ጓዛቸውን በላም ቆዳ ጠቅልለው፣ ቆዳውን በትንፋሽ ነፍተው፣ በእርሱ ላይ ተንጠልጥለው ተሻገሩት። በየም አገርና በከምባታ አልፈው አላባ ሲደርሱ ግን ተያዙ። አባ አንቶንዮ ደብዳቤው ቢገኝ ለሞት እንደሚያበቃቸው ዐውቀው በእሳት አቃጠሉት። ነፍሳቸው ተርፋ በ1614 ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

የንጉሡ አሳብ ግን አልተቃጠለም። በ1617 አቡነ ስምዖን ከዐመፀኞች ጋር ቆመው በጦርነት ሞቱ፤ ደም መፍሰስ ጀመረ። በ1622 ዐፄ ሱስንዮስ እምነታቸውን በይፋ ገለጡ፤ በዚያው ዓመት ግን ታጋሹ አባ ፓኤዝ ዐረፉ። በ1625 ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ መጡ፤ በ1626 የካቲት ወር በደንቀዝ ንጉሡ ከነመኳንንቶቻቸው ለሮም መንበር መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ።

ዕርቁ ከላይ ተፈጸመ፤ ከታች ግን ጠብ ሆነ። ፓትርያርኩ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ ገና እንዲካኑ፣ ጾሙና በዓሉም እንደ ላቲን ሥርዓት እንዲለወጥ አዘዙ። ይህን የምጽፈው እኔ የካቶሊክ ካህን ነኝ፤ ነገር ግን ከአባቶቹ ተቀብሎ የጠበቀውን ጾም ያፈረሱበት ገበሬ ስለ ምን ተቈጣ ብዬ ልፈርድበት አልችልም። በጥምቀት ላይ ጥምቀት መድገም ቤተ ክርስቲያናችን ራስዋ የምትከለክለው ነገር ነው።

ዐመፁ ከላስታ በረታ። በሰኔ 1632 በወይና ደጋ የንጉሡ ጦር ድል አደረገ፤ የሞቱትን የዘመኑ ጸሐፊዎች ወደ 8000 ያደርሷቸዋል። የወደቁት ሁሉ የገዛ ሕዝባቸው ነበሩ። ድል አድራጊው ንጉሥ ከዚያ ሜዳ ተመልሰው በዚያው ወር ሕዝቡ ወደ ቀደመው ሃይማኖቱ እንዲመለስ በዐዋጅ ፈቀዱ፤ ልጃቸው ፋሲለደስም በመንግሥቱ ተተኩ። ዐፄ ሱስንዮስ ራሳቸው ግን እስከ ሞት በካቶሊክ እምነት እንደ ጸኑ ሚሲዮናውያኑ ጽፈዋል። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በደንቀዝ ዐርፈው በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ።

ብዙም ሳይቆይ ዐፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። በእናርያ በኩል ደብዳቤውን ተሸክመው ያለፉት አባ አንቶንዮ ፈርናንዴዝም በ1642 በሕንድ አገር በጎዋ ዐረፉ።