ሃርቪ ኩሺንግ

ሃርቪ ዊሊያምስ ኩሺንግ (ኤፕሪል 8 ቀን 1869 – ኦክቶበር 7 ቀን 1939 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ተመራማሪና ጸሐፊ ነበር። የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ራሱን የቻለ የሕክምና ዘርፍ እንዲሆን ካደረጉት ሰዎች መካከል ስሙ በቀዳሚነት ይነሳል። ኩሺንግ ሥራ በጀመረበት ዘመን የአንጎል ዕጢን ለማውጣት ራስ ቅሉ የተከፈተ በሽተኛ አብዛኛውን ጊዜ በደም መፍሰስ፣ በቁስል መመርቀዝ ወይም በአንጎል እብጠት ይሞት ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናውን ጭራሽ አይሞክሩትም ነበር። ኩሺንግ ሥራውን ባቆመበት ጊዜ ግን በምርመራ የተረጋገጠ የአንጎል ዕጢ ላለባቸው ከ2000 በላይ በሽተኞች ቀዶ ሕክምና አድርጎ ነበር። ይህ ለውጥ የመጣው በአንድ ግኝት አይደለም፤ እያንዳንዱን በሽተኛ በመለካት፣ በመመዝገብና የከሸፈውንም ሥራ ሳይደብቅ በመመርመር ቀስ በቀስ የመጣ ነው።

በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ሕይወትና ትምህርት

ኩሺንግ በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ለወላጆቹ አሥረኛና የመጨረሻ ልጅ ሆኖ ተወለደ። አባቱ፣ አያቱና ቅድመ አያቱ ሐኪሞች ነበሩ። በ1891 ከዬል ኮሌጅ ተመርቆ ወደ ሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1895ም የሕክምና ዲግሪውን አገኘ።

በተማሪነቱ ያጋጠመው አንድ ሞት በቀሪው ሥራው ላይ ምልክት ጥሏል። በዚያን ጊዜ ኤተር በማስተንፈስ በሽተኛውን ማደንዘዝ ለተማሪዎች የሚተው ሥራ ነበር። ተማሪው ስለ ማደንዘዣው በቂ ሥልጠና አይሰጠውም፤ በሽተኛው እየደከመ መሆኑን በጊዜ የሚያሳውቅ መለኪያም አልነበረም። ኩሺንግ ኤተር እንዲሰጥ የታዘዘለት አንድ በሽተኛ በእጁ ላይ ሞተ። ወጣቱ ተማሪ በዚህ እጅግ ደነገጠ። ከዚያም ከጓደኛው ከአርነስት ኮድማን ጋር ሆኖ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የበሽተኛው የልብ ምትና አተነፋፈስ በተከታታይ የሚጻፍበትን የመመዝገቢያ ወረቀት አዘጋጀ። በ1894 እና በ1895 በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ሥራ ላይ የዋለው ይህ ወረቀት ዛሬ በየቀዶ ሕክምና ክፍሉ ለሚሞላው የማደንዘዣ መዝገብ መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው።

በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል

በ1896 ኩሺንግ ባልቲሞር ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሄዶ በታዋቂው የቀዶ ሕክምና ሐኪም በዊሊያም ሃልስቴድ ሥር መሥራት ጀመረ። ሃልስቴድ ዝግ ብሎ የሚሠራ፣ ደም እንዳይፈስ የሚጠነቀቅና የሰውነትን ሥጋ በለስላሳ እጅ የሚይዝ ሐኪም ነበር። ኩሺንግ ይህን ልማድ ከእሱ ወስዶ በኋላ ወደ አንጎል አሸጋገረው።

ራጅ ከተገኘ ገና አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በጥይት የተመታች አንዲት ሴት ወደ ሆስፒታሉ መጣች። ሰውነቷ በአንድ በኩል መንቀሳቀስ አቅቶት ነበር፤ በሌላው በኩል ደግሞ የሕመም ስሜት ጠፍቷል። ይህ ምልክት ኅብለ ሰረሰር በግማሽ ጎኑ ብቻ ሲጎዳ የሚታይ ነው፤ የእንቅስቃሴና የሕመም መስመሮች ኅብለ ሰረሰርን የሚሻገሩት በተለያየ ቦታ ስለሆነ ጉዳቱ በሁለቱም ጎን በተለያየ መልክ ይገለጣል። ኩሺንግ ባነሣው ራጅ ጥይቱ በስድስተኛው የአንገት አከርካሪ ላይ ተሰክቶ ታየ። በምርመራ የተገመተው ቦታና ፊልሙ ያሳየው ቦታ ተስማሙ። ይህንና ተመሳሳይ ሌላ በሽተኛን አስመልክቶ ያዘጋጀው ጽሑፍ በ1898 ታተመ፤ ሁለቱም በሽተኞች ከደረሰባቸው ጉዳት አገግመዋል።

የአውሮፓ ጉዞና የደም ግፊት ጥናት

በ1900 ኩሺንግ ለአንድ ዓመት ያህል ወደ አውሮፓ ተጓዘ። በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ከቴዎዶር ኮኸርና ከሁጎ ክሮኔከር ጋር ሲሠራ፣ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር በሰውነት ላይ ምን እንደሚደርስ በእንስሳት ላይ መረመረ። ራስ ቅል የማይለጠጥ አጥንት ነው። በውስጡ ደም ሲጠራቀም ወይም ዕጢ ሲያድግ አንጎል ይጨመቃል፤ ወደ አንጎል የሚሄደውም ደም ይቀንሳል። ሰውነት ይህን ለማሸነፍ የደም ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ የልብ ምት ግን ይዘገያል፤ አተነፋፈስም ይዛባል። እነዚህ ሦስት ምልክቶች ዛሬ የኩሺንግ ምልክቶች ይባላሉ። ጭንቅላቱን በተመታ ሰው ላይ ሲታዩ አንጎሉ በከባድ አደጋ ላይ መሆኑን ያስጠነቅቃሉ።

በጣልያን ፓቪያ ከተማ ደግሞ ሺፒዮኔ ሪቫ-ሮቺ የሠራውን፣ ክንድ ላይ ታስሮ በአየር የሚነፋ የደም ግፊት መለኪያ ተመለከተ። መሣሪያውን ወደ ባልቲሞር ይዞ ተመልሶ የደም ግፊትን በማደንዘዣ መዝገቡ ላይ ጨመረ። መለኪያው በአሜሪካ ሆስፒታሎች እንዲስፋፋ ካደረጉት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

የአንጎል ቀዶ ሕክምና አሠራር

ኩሺንግ ከጉዞው እንደተመለሰ በአንጎልና በነርቭ ላይ ለማተኮር ወሰነ። በ1902 የጀመረው የአንጎል ዕጢ ሥራ መጀመሪያ ላይ ብዙ ሞት ነበረበት። ትልቁ ጠላት የደም መፍሰስ ነበር፤ በሌላ የሰውነት ክፍል እንደሚደረገው የአንጎልን ደም ሥር በክር ማሰር አስቸጋሪ ነው። ኩሺንግ የራስ ቆዳ እንዳይደማ በጭንቅላት ዙሪያ የሚታሰር በአየር የሚነፋ ማሰሪያ ሠራ። በ1911 ደግሞ እንደ መቆንጠጫ ደም ሥርን የሚዘጉ ትንንሽ የብር ቅንጥቦችን አስተዋወቀ። ደሙ አልቆም ሲል ቀዶ ሕክምናውን አቋርጦ ቁስሉን ይዘጋና ከቀናት በኋላ እንደገና ይቀጥል ነበር።

ዕጢው የት እንዳለ ባልታወቀበት ወይም ሊወጣ ባልቻለበት ጊዜ፣ ከጆሮ በላይ ካለው ጡንቻ ሥር ጥቂት አጥንት በማውጣት የአንጎልን ግፊት ይቀንስ ነበር። ይህ ዕጢውን አያጠፋም፤ ነገር ግን ራስ ምታቱን ያስታግሳል፤ ዓይናቸው ሊጠፋ የተቃረበ በሽተኞችንም ከዕውርነት ይታደጋል። ሥራው ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ነበር። ሲጨርስም ያየውን በገዛ እጁ ሥሎ ከበሽተኛው መዝገብ ጋር ያያይዘው ነበር።

ታዋቂ ከሆኑት በሽተኞቹ አንዱ የአሜሪካ ጦር መኮንን ጄኔራል ሌናርድ ዉድ ነበር። ዉድ የሰውነቱን አንድ ጎን በሚያንቀጠቅጥ ሕመም ይሠቃይ ነበር። በ1910 ኩሺንግ በሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ከአንጎል ሽፋን የበቀለ ዕጢ አወጣለት። ጄኔራሉ ወደ ሥራው ተመልሶ የአሜሪካ ጦር ኤታ ማዦር ሹም፣ በኋላም የፊሊፒንስ ጠቅላይ ገዥ ሆነ። ዕጢው ግን ተመልሶ አደገ። በ1927 ኩሺንግ እንደገና ቀዶ ሕክምና ቢያደርግለትም ዉድ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ኩሺንግ ከአንጎል ሽፋን ለሚበቅሉት ለእነዚህ ዕጢዎች በ1922 ያወጣላቸው ሜኒንጂዮማ የሚለው ስም እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

የፒቱታሪ በሽታዎች

ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር የምትገኝ፣ መጠኗ የአተር ፍሬ የምታህል ሆርሞን አመንጪ አካል ናት። ኩሺንግ በ1912 ባሳተመው መጽሐፍ ይህች አካል ከልክ በላይ ስትሠራ ወይም ሥራዋን ስታቆም ሰውነት እንዴት እንደሚለወጥ አስረዳ። ወደ ፒቱታሪ ለመድረስ የላይኛውን ከንፈር ከውስጥ በኩል ከፍቶ በአፍንጫ ውስጥ የሚያልፍ መንገድ ይጠቀም ነበር። በዚህ መንገድ ከ1910 እስከ 1925 ከታከሙት 231 የፒቱታሪ ዕጢ በሽተኞች የሞቱት 5.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። በኋላ ግን ይህን መንገድ ትቶ በራስ ቅል በኩል መግባትን መረጠ። ዛሬ ሐኪሞች በአብዛኛው ወደ አፍንጫው መንገድ ተመልሰዋል።

በ1932 ፊታቸውና ሆዳቸው እየወፈረ እግርና እጃቸው የሚቀጥን፣ የደም ግፊታቸው የሚጨምርና ቆዳቸው የሚሸነተር 12 በሽተኞችን አጥንቶ፣ መንሥኤው የፒቱታሪ ትንሽ ዕጢ እንደሆነ ጻፈ። በሽታው የኩሺንግ በሽታ ተባለ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት

ኩሺንግ በ1912 ወደ ቦስተን ተዛውሮ በሃርቫርድ ፕሮፌሰር፣ በፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታልም የቀዶ ሕክምና ዋና ኃላፊ ሆኖ ነበር። አሜሪካ ወደ ጦርነቱ በገባችበት በ1917 የሃርቫርድን የሕክምና ቡድን ይዞ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። በዚያው ዓመት በቤልጅግ የፓሸንዴል ውጊያ ሲካሄድ ከግንባሩ አጠገብ ባለ የእንግሊዝ የቁስለኞች ጣቢያ ሠራ።

ኩሺንግ የጭንቅላት ቁስለኞችን በአካባቢ ማደንዘዣ ብቻ ያክም ነበር። የተጎዳውን የአንጎል ክፍል ጫፉ ላይ የጎማ ኳስ ባለው ቀጭን ቱቦ እየሳበ ያጸዳል፤ የቦምብ ፍንጣሪውን በማግኔት ያወጣል፤ ከዚያም ቁስሉን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። በሦስት ወር ውስጥ ከታከሙት 133 ወታደሮች መካከል የአንጎል ሽፋናቸው በተቀደደው ላይ የሞት መጠኑ ከ54.5 በመቶ ወደ 28.8 በመቶ ወረደ።

በኦገስት 1917 የቅርብ ወዳጁና እንደ አባት የሚያየው የዊሊያም ኦስለር ብቸኛ ልጅ በደረትና በሆድ ቆስሎ ወደ ሌላ ጣቢያ መወሰዱን ሰምቶ በሌሊት ሄደ። ሐኪሞቹ ሲሠሩ አብሮ ቆመ፤ ወጣቱ ግን በማግስቱ ሞተ። ኦስለር በ1919 ካረፈ በኋላ ኩሺንግ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ በ1925 አሳተመ፤ መጽሐፉም በ1926 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ኩሺንግ ራሱ በጦርነቱ መጨረሻ እግሩን ያሰነፈ የነርቭ ሕመም ይዞት ነበር፤ ከዚያ በኋላ አካሄዱ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

የኤሌክትሪክ መቁረጫ

ዊሊያም ቦቪ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በኤሌክትሪክ ኃይል ሥጋን የሚቆርጥና ደም ሥርን የሚዘጋ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። በ1926 ኩሺንግ በራስ ቅል ላይ የበቀለና ብዙ ደም ሥር ያለው ዕጢ ማውጣት ጀምሮ ደሙ ስላስቸገረው ሥራውን አቋረጠ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በኦክቶበር 1፣ ቦቪን ከነመሣሪያው ጠርቶ እንደገና ሞከረ፤ ዕጢውም ወጣ። መሣሪያው መጀመሪያ ላይ አደጋ ነበረው፤ ኩሺንግንም አንድ ጊዜ ኤሌክትሪክ ይዞት ነበር። ሆኖም ቀደም ሲል ሊወጣ አይችልም ብሎ የተወውን ዕጢ ለማውጣት የድሮ በሽተኞቹን መልሶ መጥራት ጀመረ።

ጠባዩና የቤተሰብ ሕይወቱ

ኩሺንግ በ1902 ካትሪን ክሮዌልን አግብቶ አምስት ልጆች ወለደ። ለበሽተኞቹ ርኅሩኅ ቢሆንም በረዳቶቹ ላይ ቁጡና ጥብቅ ነበር። በ1926 የመጀመሪያ ልጁ ዊሊያም በመኪና አደጋ መሞቱ በስልክ ሲነገረው፣ ለባለቤቱ አርድቶ ለዚያ ቀን የተያዘለትን ቀዶ ሕክምና ሄዶ ሠራ።

በጆንስ ሆፕኪንስ በሥሩ ከሠራው ከዎልተር ዳንዲ ጋር ለብዙ ዓመታት ተቃቅረዋል። ኩሺንግ በመስሚያ ነርቭ ላይ የሚበቅለውን ዕጢ በሙሉ ማውጣት በሽተኛውን ይገድላል ብሎ ውስጡን ብቻ ያወጣ ነበር፤ የተረፈው ግን ተመልሶ ያድጋል። ዳንዲ በ1922 ዕጢውን በሙሉ እንዳወጣ ሲያስታውቅ ኩሺንግ ተቆጣ። ከጊዜ በኋላ ሙያው የዳንዲን መንገድ ተከተለ።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

በኤፕሪል 1931 ኩሺንግ 2000ኛውን የአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምና አደረገ። በ1932 ሃርቫርድን ለቆ በ1933 ወደ ዬል ተመለሰ። በ1938 ከሉዊዝ አይዘንሃርት ጋር ስለ ሜኒንጂዮማ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ወጣ። አይዘንሃርት ኩሺንግ ያወጣቸውን ዕጢዎች በማይክሮስኮፕ እየመረመረች መዝገቡን ለዓመታት የያዘች ሐኪም ናት። በመዝገቡ የዳኑትም የሞቱትም በእኩል ጥንቃቄ ሰፍረዋል።

ኩሺንግ በ1939 በኒው ሄቨን ከተማ በልብ ሕመም ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር በአንጎሉ ውስጥ ባለው ሦስተኛው የፈሳሽ ክፍል አንድ ትንሽ ዕጢ ተገኘ።

ትቶት ያለፈው ሥራ

ብዙ ተማሪዎቹ ሙያውን በየአገራቸው አስፋፍተዋል፤ በእንግሊዝ ሂዩ ኬርንስ፣ በስኮትላንድ ኖርማን ዶት ይጠቀሳሉ። ከፐርሲቫል ቤይሊ ጋር በ1926 ያወጣው የአንጎል ዕጢዎች አከፋፈል ለዛሬው አከፋፈል መሠረት ሆኗል። በስሙ የተቋቋመው ማኅበር ዛሬ የአሜሪካ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ነው። የሰበሰባቸው ብርቅ የሕክምና መጻሕፍት ለዬል ቤተ መጻሕፍት ተሰጥተዋል።

በመስታወት ዕቃ ያስቀመጣቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ የአንጎል ናሙናዎችና የበሽተኞቹ ፎቶግራፎች ለረጅም ጊዜ በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ ምድር ቤት ተረስተው ቆይተዋል። በኋላ ታድሰው ከ2010 ጀምሮ በዬል የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በኩሺንግ ማዕከል ለሕዝብ ይታያሉ።