እቴጌ ምንትዋብ፦ እናትነትና መንግሥት በአንድ እልፍኝ

ዛሬ በሰሊጥና በጥጥ እርሻዋ የምትታወቀው ቋራ ለጎንደር ዘመን ካበረከተቻቸው ሰዎች መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዘውድ ስማቸው ደግሞ ብርሃን ሞገሳ ነበር።

ባለቤታቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። ምንትዋብ ልጃቸውን አንግሠው፣ ራሳቸውም ዘውድ ጭነው አገር ማስተዳደር ያዙ። እልፍኝና ችሎት ለእሳቸው ሁለት አልነበሩም፤ ለሥልጣን ያበቃቸው እናትነታቸው ነውና። ወንድማቸውን ራስ ወልደ ልዑልን ጨምሮ የቋራ ዘመዶቻቸውን በየሹመቱ አስቀመጡ። ከጎንደር ወጣ ብሎ የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት፣ በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ደግሞ ናርጋ ሥላሴን አሠሩ።

የግል ሕይወታቸው ግን እንዲህ የተቃና አልነበረም። በዕድሜ ከሚያንሷቸው የበካፋ ዘመድ ከግራዝማች ኢያሱ አስቴርን፣ አልጣሽንና ወለተ እስራኤልን ወለዱ። ነገሥታቱ ከየሴቱ ሲወልዱ ያልተነቀፈው ነገር በእቴጌይቱ ሲሆን የአደባባይ ሐሜት ሆነ። ግራዝማቹ በኋላ ሲሞቱም የወጣቱ ንጉሥ እጅ አለበት ተብሎ ተወርቷል። እናት በልጃቸውና በሴቶች ልጆቻቸው አባት መካከል ቆመው ያሳለፉት ጊዜ ከየትኛውም የችሎት ሙግት የከበደ ሳይሆን አይቀርም።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከጋብቻ ነው። ኢያሱ የወሎ ኦሮሞ ባላባት ልጅ የሆኑትን ውቢትን አግብተው ኢዮአስን ወለዱ። ዝምድናው መንግሥቱን ያጠናክራል የሚል ተስፋ ነበረ፤ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1755 ሲሞቱ ግን አያትና እናት በሕፃኑ ንጉሥ ሞግዚትነት ተፋጠጡ። ምንትዋብ ቋሮችን፣ ውቢት የራሳቸውን ወገኖች ይዘው ቤተ መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ። ጠቡን እንዲያበርዱ ከትግራይ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑል ሥልጣኑን ጠቅልለው ያዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1769ም ኢዮአስ ተገደሉ። የሚካኤል ባለቤት የእቴጌይቱ ልጅ ወይዘሮ አስቴር ነበሩ። የልጅ ልጃቸውን ያስገደለው ሰው አማቻቸው ነበረ ማለት ነው።

በቀጣዩ ዓመት ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲደርስ ምንትዋብ በቁስቋም ነበሩ። በዚያ ቤተ መንግሥት በፈንጣጣ የታመሙ ሕፃናትን እንዲያክም ተጠራ። እቴጌይቱ እ.ኤ.አ. በ1773 ዐረፉ።