ኮሪ ቴን ቡም፦ ከግድግዳው በስተጀርባ

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን «ዘ ሃይዲንግ ፕሌስ» የተሰኘ ፊልም የተመለከታችሁ ወገኖች ኮሪ ቴን ቡምን ታውቋታላችሁ። በ1892 የተወለደችው ኮሪ በኔዘርላንድ፣ ሐርለም ከተማ ከአባቷ ጋር ሰዓት ትሠራ ነበር። አያቷ በዚያው ቤት ከ1844 ጀምሮ ስለ አይሁድ ሕዝብ ይጸልዩ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ጸሎቱ ዋጋ አስከፈለ።

ናዚዎች አገሪቱን ሲይዙ ቤተሰቡ አይሁዳውያንን ደበቀ። መደበቂያው በኮሪ መኝታ ክፍል ከተሠራ የጡብ ግድግዳ ጀርባ ሲሆን፣ የሚገባው በቁም ሣጥን ሥር እየተሳቡ ነበር። በፌብሩዋሪ 1944 በጠቋሚ ተያዙ። ፈታሾቹ ቤቱን ቢበረብሩም የተደበቁትን ስድስት ሰዎች አላገኟቸውም፤ ቤተሰቡ ግን ታሰረ። የ84 ዓመቱ አባት ከ10 ቀን በኋላ እስረኛ ሳሉ አረፉ። እኅቷ ቤትሲ በዲሴምበር በራቨንስብሩክ ካምፕ ሞተች። ኮሪ ብዙም ሳይቆይ ተፈታች፤ እስከ 1983 ኖራለች።

ለእኔ ግን ከእስሩ ይልቅ የሚከብደው በ1947 የሆነው ነው። ሙኒክ ውስጥ ስለ ይቅርታ ሰብካ ስትጨርስ አንድ የራቨንስብሩክ ዘበኛ የነበረ ሰው ቀርቦ ይቅርታ ጠየቃትና እጁን ዘረጋ። የቤትሲ ሞት ፊቷ ድቅን አለ፤ እጇም አልነሣ አላት። በልቧ ወደ ጌታ ጮኸች። ከዚያም እጁን ጨበጠችው።