አንሰል አዳምስና ተፈጥሮን በፎቶግራፍ ማንሳት የሚያስተምሩ መጻሕፍቱ

ተራራና ሸለቆን በፎቶግራፍ ማንሳት የሚያስተምር መጽሐፍ የሚፈልግ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ስለ ካሜራ ዓይነት የሚያወራውን ነው፤ ይህም ካሜራው ሲያረጅ አብሮ ያረጃል። ስለዚህ ለመካኒሳ ጓደኞቻችን ከዚህ የተሻሉትን መጻሕፍት የጻፈውን የአሜሪካዊውን የአንሰል አዳምስን ሕይወት ባጭሩ እንተርካለን። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

አዳምስ በ1902 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ። በ1906 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ወድቆ አፍንጫው ተሰበረ፤ እንደ ጠመመም ቀረ። በትምህርት ቤት መርጋት ስላቃተው ወላጆቹ በቤት እንዲማር አደረጉ። ታሞ ተኝቶ ሳለ ስለ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች የተጻፈ መጽሐፍ አነበበና ወላጆቹን ለምኖ በ1916 ወደ ዮሰሚቲ ሸለቆ ሄደ፤ እዚያም አንድ የኮዳክ ካሜራ ሰጡት። ለብዙ ዓመታት ግን አሳቡ ፒያኖ ተጫዋች መሆን ነበር።

በ1927 ሃፍ ዶም የተባለውን ታላቅ ቋጥኝ ሊያነሣ ወጣ። የቀሩት የመስታወት ኔጋቲቮች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛውን በቢጫ ማጣሪያ ካነሣ በኋላ ሰማዩ ፈዝዞ እንደሚወጣ ታወቀው፤ በመጨረሻው ላይ ቀይ ማጣሪያ አደረገ፤ ሰማዩም እንዳሰበው ጠቍሮ ወጣ። ሥዕሉን አስቀድሞ በልብ ማየት የትምህርቱ ሁሉ መሠረት ሆነ።

በ1940 አካባቢ በሎስ አንጀለስ ሲያስተምር ከባልደረባው ከፍሬድ አርቸር ጋር ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን በ11 ደረጃ ከፈለው። የብርሃን መለኪያ ያሳዩትን ሁሉ እንደ መካከለኛ ግራጫ ይቈጥረዋል፤ ስለዚህ ነጭ ነጠላ ዐመድ መስሎ ይወጣል። አዳምስ እንዳስተማረው ነጩ የሚገባውን ደረጃ መርጠን ብርሃኑን በሁለት እርከን ያህል እንጨምራለን፤ ለጥላ ደግሞ እንቀንሳለን። በፉሪ ተራራ ላይ ያለውን ደመናና በትንሹ አቃቂ ዳር ያለውን የዛፍ ጥላ ባንድነት ለማንሳት የሞከረ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ከ1948 እስከ 1950 ስለ ካሜራ፥ ስለ ኔጋቲቭና ስለ ማተም ባወጣቸው ሦስት መጻሕፍት ጻፈ፤ በስተርጅናም በ1980፥ በ1981ና በ1983 እንደ ገና አዘጋጃቸው። በኛ አስተያየት አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ሁለተኛውን ይምረጥ፤ በቴሌፎኑ የሚያነሣ ስለ መድኃኒቱ ቅመማ የተጻፈውን ይለፈው። እርሱም የከበደው ቢኖር፥ አዳምስ በ82 ዓመቱ ከመሞቱ ከአንድ ዓመት በፊት በ1983 ያሳተመው ሌላ መጽሐፍ አለ፤ 40 ፎቶግራፎቹን እያንዳንዳቸውን እንዴት እንዳነሣ ይተርክበታል።