ሙቀት ያልቻለው ብረት፦ የሩዶልፍ ዲዝል ሕይወትና የፍራንክፈርት የመጨረሻ ቀናቱ

 በቪዲዮ ዝግጅታችን ደቂቃ ስለሚያጥረን ያልገባንበትን ነገር እዚህ ሰፋ አድርገን እናየዋለን።

ናፍጣ ጨመረ በተባለ ቁጥር አገር ይናወጣል። የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ የገጠሩ ወፍጮ ቤት፣ መብራት ሲጠፋ የሚንደቀደቀው ጀነሬተር፣ ሁሉም የእሱ ጥገኛ ነው። ሞተሩን ዲዝል እንለዋለን። ዲዝል ግን የነዳጅ ስም አይደለም፤ የሰው ስም ነው። ደግሞም ይህ ሰው ከሚስቱና ከልጁ ጋር የመጨረሻዎቹን ቀናት ያሳለፈው ሩቅ ቦታ ሳይሆን፣ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በፍራንክፈርት አም ማይን ነው። (ዓመታቱን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።)

ሩዶልፍ ዲዝል ማርች 18 ቀን 1858 ፓሪስ ተወለደ። ወላጆቹ ጀርመኖች ናቸው፤ አባቱ የቆዳ ሥራ ባለሙያ ነበር። በ1870 ፈረንሳይና ጀርመን ሲዋጉ ጀርመን የሆነ ሁሉ ከፓሪስ ውጣ ተባለ። ቤተሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ፣ የ12 ዓመቱ ልጅ ግን ብቻውን አውግስቡርግ ከተማ ወደሚኖሩ ዘመዶቹ ተላከ። ስደት ምን እንደሆነ በልጅነቱ ነው የቀመሰው ማለት ነው። በትምህርቱ ግን የሚደርስበት አልነበረም። ሙኒክ ፖሊቴክኒክ ገብቶ የማቀዝቀዣ ማሽን አባት ከሚባለው ከካርል ሊንደ ሥር ተማረ። በ1879 ታይፎይድ ጥሎት የመጨረሻ ፈተናው ቢያመልጠውም፣ በዓመቱ መጀመሪያ ተፈትኖ በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ።

ከዚያም ሊንደ ወደ ፓሪስ ላከው። ሥራው በረዶ የሚሠሩ ማሽኖችን መትከልና መሸጥ ነበር። ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው። ሊንደ በማስተማሪያ ክፍል የነገረው አንድ ነገር አልወጣለትም፦ የእንፋሎት ሞተር ከሚበላው የድንጋይ ከሰል ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከመቶ አሥር እጅ እንኳ አይሞላም። ቀሪው በጭስ ማውጫ ይሄዳል። ወጣቱ መሐንዲስ ይህን ብክነት እንደ ግል ጥቃት ነው የቆጠረው።

የመጀመሪያ ሙከራው በውኃ እንፋሎት ፈንታ በአሞንያ የሚሠራ ሞተር ነበር። 1880ዎቹን በአብዛኛው በዚህ ነው የጨረሰው። እዚህ ላይ ነው የቁሳቁስ ነገር መጀመሪያ ያስቸገረው። አሞንያ መዳብንና ነሐስን ይበላል። በዚያ ዘመን ደግሞ የማሽን ቧንቧውም ቫልቩም ማስተላለፊያውም ነሐስ ነው! ስለዚህ አሞንያው የሚነካው ክፍል ሁሉ ብረት መሆን አለበት። መጋጠሚያው በሚገባ መጥበቅ አለበት፣ ምክንያቱም ትንሽ ካፈተለከ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። በዚያ ላይ ሙቀት፣ በዚያ ላይ ግፊት። በብዙ የሕይወት ታሪኮቹ እንደተጻፈው፣ ከሙከራዎቹ በአንዱ ሞተሩ ፈንድቶ ሊገድለው ምንም አልቀረውም። ብዙ ወራት ሆስፒታል ተኛ፤ ከዚያ በኋላ ጤናው፣ በተለይ ዓይኑ፣ እንደ ድሮው አልሆነም ይላሉ። ራስ ምታትና ሪህ ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቁትም።

ታዲያ ተስፋ ቆረጠ? አልቆረጠም። ከአሞንያ ወደ አየር ተሻገረ። አየር በነፃ ነው፣ አይመርዝም፣ ብረት እንደ አሞንያ አይበላም። አሳቡ ይህ ነበር፦ አየርን ሲሊንደር ውስጥ እጅግ አጥብቀህ ብትጨምቀው በመጨመቁ ብቻ ይግላል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው ፓምፑ እንዴት እንደሚሞቅ ያውቃል። ዲዝል ይህን ሙቀት ነዳጁ ያለ ክብሪትና ያለ ካንዴላ በራሱ እስኪቀጣጠል ድረስ ላድርሰው አለ። በ1892 ፓተንት አመለከተ፣ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ተፈቀደለት፣ በዚያው ሰሞን አሳቡን በመጽሐፍ አወጣው።

መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ግን ያስደነግጣል። እስከ 250 የአየር ግፊት መጭመቅ፣ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መድረስ! ደግሞ ሲሊንደሩ በውኃ መቀዝቀዝ አያስፈልገውም ብሎ ነበር። ነዳጁ ቀስ ብሎ ስለሚገባ ሙቀቱ ከዚያ በላይ አይወጣም፣ የማይወጣ ሙቀት ደግሞ ሥራ ላይ ይውላል፤ በውኃ ለምን እናባክነው ነው ነገሩ። በወረቀት ላይ ያምራል። ግን ያን የሚችል የትኛው ብረት ነው?

በ1893 የአውግስቡርግ ማሽን ፋብሪካና የብረቱ ንጉሥ ክሩፕ ሊደግፉት ተስማሙ። ክሩፕ በዓመት 30,000 ማርክ ደሞዝም ቆረጠለት። የመጀመሪያው ሞተር ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ የፒስተኑ ስፋት ግን 15 ሳንቲሜትር የሆነ ቀጭን ነገር ነው። ሲሊንደሩ የውኃ ሽፋን የለውም። ከቀልጦ በቅርጽ የተቀዳ ብረት፣ መካኒኮቻችን ጊዛ ከሚሉት፣ የተሻለ ምርጫ አልነበረም፤ ሙቀትን በደንብ ያስተላልፋል፣ መፋተግንም ይችላል። ለ44 የአየር ግፊት የታቀደው ሞተር ግን ሲሞከር 18 ገደማ ላይ ቆመ። የፒስተኑ ቀለበቶች ያፈስሱ ነበር።

ኦገስት 10 ቀን 1893 ለመጀመሪያ ጊዜ ነዳጅ ተረጨበት። ሞተሩ ገና በራሱ አይዞርም፤ በፋብሪካው ቀበቶ ነው የሚዞረው። ነዳጁ ተቀጣጠለ፣ ግፊቱ 80 ገደማ ደረሰ፣ የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ስብርባሪው በዲዝልና በሠራተኞቹ አጠገብ አለፈ። ማንም አልተጎዳም። አንድ ጊዜ በፍንዳታ ለተጎዳ ሰው ይህ ምን ስሜት እንደሚሰጥ መገመት አያዳግትም። እሱ ግን ዋናውን ነገር ነው ያየው፦ በጭመቃ ብቻ እሳት ተነሥቷል!

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1894 ሃንስ ሊንደር የተባለ ሠራተኛ የሚያዞረው ቀበቶ ሲላላ አየ። ሞተሩ ቀበቶውን መጎተት ጀምሯል ማለት ነው። ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ በደቂቃ 88 ዙር፣ በራሱ ጉልበት ሄደ። ሊንደር ቆቡን አውልቆ ለዲዝል ሰላምታ ሰጠ ይባላል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ ነው ሞተሩን ሞተር ያደረገው፣ ዲዝልንም ዕድሜ ልኩን ያስከፈለው። በቀጣዮቹ ሞተሮች ሲሊንደሩ ዙሪያውን ውኃ ለበሰ። ግፊቱም ከ250 ወደ 30ዎቹ ወረደ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሲሊንደር ውስጥ የሚነድ እሳት ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ ይበልጣል፤ ጊዛ ብረት 1,200 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ብረቱ ሳይቀልጥ የሚቆየው እሳቱ ለአፍታ ብቻ ስለሚነካው፣ የተረፈውን ሙቀት ደግሞ ውኃው ስለሚወስድለት ነው። ዘይቱም አለ። ብረቱ ቢችል እንኳ ዘይቱ ያራል፣ ፒስተኑ ይነክሳል። ጣርማ በርን በኤንትሬ የወጡ የጥንት ሹፌሮች በጀሪካን ውኃ ይዘው የሚሄዱት ለዚህ ነበር። ውኃ ያለቀበት ሞተር ቴስታታውን እንደሚያቃጥል ያውቃሉ። መጽሐፉን ሳያነቡ!

በነገራችን ላይ የዲዝል የመጀመሪያ ሕልም አልሞተም። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ጦር ሠራዊትና ኩሚንስ ኩባንያ በሙቀት የማይበገር ሴራሚክ ተጠቅመው ያለ ራዲያተር የሚሄድ የዲዝል ሞተር በጭነት መኪና ላይ ሞክረው ነበር። ዕቃው ሙቀቱን ቻለ፣ መኪናውም ሄደ። ግን የጋለ ሲሊንደር አዲስ አየር በደንብ አይስብም፣ ዘይቱም አስቸገረ፤ የተጠበቀው ትርፍ አልመጣም። ዛሬም መንገድ ላይ ያለው የጭነት መኪና አብዛኛው ራዲያተር ተሸክሞ ነው የሚሄደው።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1897፣ ሞተሩ በራሱ ከዞረ ልክ በሦስት ዓመቱ፣ የሙኒኩ ፕሮፌሰር ሞሪትዝ ሽሮተር ሞተሩን በይፋ ለካው። ውጤቱ 26.2 በመቶ ወጣ። ያን ጊዜ ከነበረ ከማንኛውም ሞተር የሚበልጥ ነው። ገንዘቡ ጎረፈ። አዶልፈስ ቡሽ የተባለው የአሜሪካ ቢራ ጠማቂ ለአሜሪካ መብት አንድ ሚሊዮን ማርክ ከፈለ። በ1898 ዲዝል መብቱን በሙሉ ለአንድ ኩባንያ በ3.5 ሚሊዮን ማርክ ሸጠ።

በዚያው ዓመት ግን አእምሮውና አካሉ ደከመ። ሙኒክ አጠገብ ያለ ማገገሚያ ገባ፣ ቀጥሎም ለማገገም ሜራን ወደተባለ የተራራ ከተማ ሄደ። እሱ ተኝቶ ሳለ የተሸጡት ሞተሮች እየተበላሹ ይመለሱ ነበር፤ ማኅተሙ ያፈስሳል፣ መርጫው ይደፈናል፣ ገዢው ይጮኻል። በዚህ መካከል በሙኒክ ትልቅ ቤት ሠራ፣ በመሬት ግዢና በነዳጅ ጉድጓድ ገንዘቡን አፈሰሰ፣ አብዛኛውም በረረ። እኔ እንደሚመስለኝ ከሞተሩ በላይ የጎዳው ይህ ነው፤ ብረትን ያህል ደብተሩን አልመረመረም።

ሌላው ቁስል የሙያ ነው። ተቀናቃኞቹ ያነሡት ክርክር ቀጥተኛ ነበር፦ ፓተንትህ ላይ ሙቀቱ አይጨምርም፣ ማቀዝቀዣም አያስፈልግም ብለሃል፤ የምትሸጠው ሞተር ግን ውኃ ለብሷል፣ እሳቱም አንተ እንዳልከው አይነድም፤ ታዲያ ምኑን ፈጠርከው? ዲዝል በ1893 መጨረሻ የነዳጅ አረጫጨቱን የሚያስተካክል ሁለተኛ ፓተንት አስገብቶ ነበር። የመጀመሪያው አሳቤ ስህተት ነበረው፣ ሥራው አስተማረኝ ብሎ በግልጽ ቢናገር ኖሮ ግማሹ ክርክር ይረግፍ ነበር እንላለን። እሱ ግን ከመጽሐፉ እስከ ሞተሩ አንድ ቀጥተኛ መስመር እንዳለ ማሳየት መረጠ። በ1913 የሞተሩን አመጣጥ የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ዮሐንስ ሉደርስ የተባለ ፕሮፌሰር ሙሉውን ተረት ነው የሚል የክስ መጽሐፍ አወጣበት።

በዚያ ሴፕቴምበር ነው ከሚስቱ ከማርታ ጋር ፍራንክፈርት የተገኘው። ሴት ልጁ ሄዲ እዚያ ነው የምትኖረው። ባሏ አርኖልድ ፎን ሽሚት መሐንዲስ ሲሆን በአድለር ፋብሪካ ይሠራ ነበር። የአድለርን ሕንፃ ጋሉስ ሰፈር፣ ክላየር ጎዳና ላይ እስከ ዛሬ ታዩታላችሁ፤ ብስክሌት፣ የጽሕፈት መኪናና አውቶሞቢል ይሠራበት ነበር። ቤተሰቡ አብሮ ጥቂት ቀን ቆየ። ከዚያም ዲዝል ለማርታ አንድ ቦርሳ ሰጣት፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት እንዳትከፍተውም ነገራት። ሴፕቴምበር 26 ከፍራንክፈርት ተነሥቶ ወደ ቤልጅየም ሄደ። ዕለቱ በእኛ መስከረም 16 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የደመራ ቀን፣ አፄ ምኒልክ በሕይወት ያሉበት የመጨረሻው መስቀል ዋዜማ።

ሴፕቴምበር 29 ማታ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በምትሄድ ድሬስደን በተባለች መርከብ ተሳፈረ። እራት በሉ፣ አራት ሰዓት ገደማ ተለያዩ፣ ጠዋት በ12 ሰዓት ከሩብ ቀስቅሱኝ ብሎ አደራ አለ። ጠዋት አልጋው ሳይነካ ተገኘ። ኮፍያውና ካፖርቱ መርከቡ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ዕድሜው 55 ነበር። በኦክቶበር ሁለተኛ ሳምንት አንድ የሆላንድ ጀልባ ባሕር ላይ አስከሬን አገኘች። መርከበኞቹ ኪሱ ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መያዣ፣ ቦርሳ፣ የኪስ ቢላዋና የመነጽር ቤት ወስደው አስከሬኑን ለባሕሩ መለሱት። ዕቃውን አይቶ የአባቴ ነው ያለው ልጁ ኦይገን ነው።

እንግዲህ ያኔ ጋዜጦች ያላሉት የለም። የእንግሊዝ ሰላዮች ገደሉት፣ የነዳጅ ባለሀብቶች አስገደሉት፣ አልሞተም ተደብቋል። ዛሬም በየዩትዩቡ ይህ ነው የሚሸጠው፤ እኛም ርዕሱ ብዙ ተመልካች እንደሚያመጣ እናውቃለን። ግን ለሴራው የቀረበ ማስረጃ የለም። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ በሴፕቴምበር 29 ትይዩ ትንሽ መስቀል ተሠርቶ ተገኝቷል። ማርታም ፍራንክፈርት ላይ የተቀበለችውን ቦርሳ ስትከፍት ጥሬ ገንዘብና የባንክ ሒሳባቸው ባዶ ሊሆን ምንም እንዳልቀረው የሚያሳዩ ወረቀቶች ነው ያገኘችው።