ዐፄ ቴዎድሮስና የሴባስቶፖል መንገድ

ዐፄ ቴዎድሮስ ሲነሡ ሁላችንም አስቀድመን የምናስበው ጀግንነታቸውን ነው። እኛ የደብረ ማርቆስ ተማሪዎች ግን በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ከፊዚክስ ትምህርታችን ጋር የሚገናኘውን ሥራቸውን ለአንባቢ ልናቀርብ ወደድን።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። በ1845 ዓ.ም. በዚሁ በጎጃም፣ አይሻል ላይ፣ የራስ ዓሊን ጦር ድል አደረጉ። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። መድፍ ባገራቸው እንዲሠራ ስለ ፈለጉ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው አሠሩ። ከሁሉም ትልቁ ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝን ነበር።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ መድፉን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። በመካከሉ እንደ በሽሎ ያለ ጥልቅ ሸለቆ አለ። ይህን የሚያህል ሸክም በገደል አቅንቶ ማውጣት ስለማይቻል፣ መንገድ በየተዳፋቱ እየተቈረጠ ተሠራ፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። መድፉ በመንኰራኩር ላይ ሆኖ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ሳቡት።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። መንገዱ በ10 ሜትር ርዝመት 1 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። ርዝመቱን ለከፍታው ስናካፍል 10 እናገኛለን። ስለዚህ ሰበቃ ባይኖር፣ 700 ኪሎ ለማንሣት የሚበቃ ኃይል 7 ቶኑን ይስበዋል። እውነተኛውን ትርፍ የምናውቀው ግን ሸክሙን ለሳበው ኃይል አካፍለን ነው። የሳበው ኃይል 1,000 ኪሎ ቢሆን፣ ትርፉ 7 ብቻ ነው፤ የቀረውን ሰበቃ በልቶታል። መንኰራኩር የሚያስፈልገውም ይህን ሰበቃ ለመቀነስ ነው።

ዳሩ ግን መሣሪያ ሥራን በነፃ አይሰጥም፤ በኃይል ያተረፈውን በርቀት ያስከፍላል። ሴባስቶፖል መቅደላ የደረሰው ከአምስት ወር በላይ ተጉዞ በመጋቢት ነው። በዚያው ሰሞን ከቀይ ባሕር የተነሣው የእንግሊዝ ጦርም ቀርቦ ነበር። ንጉሡ እጃቸውን ላለመስጠት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የገዛ ሕይወታቸውን አሳለፉ። መድፉ ግን ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ።

ከደጀን ወደ ዓባይ የምንወርድበት መንገድ እየተጠማዘዘ የሚረዝመውም በዚሁ ሕግ ነው። ጠመዝማዛው ለሚያሰለቸው ተጓዥ ሁሉ፣ ያ ርዝመት የቁልቁለቱና የዳገቱ ዋጋ መሆኑን እናስታውሳለን።